ጓደኛዬ የሚያየውን እንስሳ እኔ ለምን አላየውም?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ትልልቅ እንስሳትን ማደን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። 10×42 ባይኖኩላር አለኝ፤ ርካሽ የሚባል አይደለም። አብሮኝ የሚያድነው ጓደኛዬ ግን 15×56 ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ሰክቶ ይቀመጥና፣ እኔ ደጋግሜ ካየሁት ጋራ ላይ ሁለትና ሦስት እንስሳ ያወጣል። የእኔን ሸጬ እንደ እሱ 15×56 ልግዛ ወይስ የእኔን ይዤ ስፖቲንግ ስኮፕ (በአንድ ዐይን የሚታይበት፣ በጣም የሚያጎላ መነጽር) ልጨምር? ሻጩ ‹የምሽት ብርሃን ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ውሰድ› ብሎኛል። የዐይን መነጽር አደርጋለሁ። የማድንበት ቦታ ግማሹ ገላጣ ተራራ፣ ግማሹ ቁጥቋጦ የበዛበት ሸለቆ ነው።»

ጠያቂያችን፣ ባይኖኩላርዎን አይሽጡ። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ትራይፖድና ባይኖኩላሩን ትራይፖዱ ላይ የሚያስሩበት ማያያዣ ነው። እሱን ይዘው አንድ ሙሉ የአደን ወቅት ይሥሩበት። 15×56 ወይም ስኮፕ ያስፈልግዎ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ዐይንዎ ራሱ ይነግርዎታል። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት፤ የጓደኛዎን ብልጫ ለማጉያው ብቻ ከሰጡት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ያው እንደነበሩ ይቀራሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ከቁጥሩ እንጀምር። 10×42 ማለት 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊተኛው ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። ጤነኛ ዐይን ያለ ምንም መሣሪያ በ1,000 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር ወደ 29 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ10 እጥፍ ሲያዩ ይህ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ በ15 እጥፍ ደግሞ ወደ 2 ሴንቲሜትር። በእርስዎና በጓደኛዎ መካከል ያለው የማጉያ ልዩነት እንግዲህ በኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሴንቲሜትር ናት። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን አንዱ ሦስት እንስሳ አይቶ ሌላው ባዶ እጁን እንዲቀር የሚያደርግ አይደለም።

ያ 3 ሴንቲሜትር ግን የሚገኘው ባይኖኩላሩ ፈጽሞ ሳይነቃነቅ ሲቀር ብቻ ነው። በእጅ ሲይዙት የልብ ምትዎ፣ ትንፋሽዎ፣ የክንድዎ ድካምና ነፋሱ ሁሉ ምስሉን ያወዛውዙታል፤ መሣሪያው እንስሳውን 10 እጥፍ ሲያጎላ መንቀጥቀጥዎንም 10 እጥፍ ያጎላዋል። ስለዚህ ጓደኛዎ የመሣሪያውን አቅም ሙሉ በሙሉ ሲያገኝ እርስዎ የራስዎን ከፊሉን ብቻ ያገኛሉ። ይህን ዛሬውኑ መሞከር ይችላሉ። ትልልቅና ትንንሽ ፊደል ያለበት የታተመ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉና 40 ወይም 50 እርምጃ ራቁ። ባይኖኩላሩን በእጅዎ ይዘው ማንበብ የቻሉትን የመጨረሻውን መስመር ያስታውሱ። ከዚያ አጥር ወይም ወንበር ላይ ደህና አድርገው አስደግፈው፣ እጅዎን ለቀቅ አድርገው እንደገና ያንብቡ። ቅድም ያልተነበቡ መስመሮች ይነበባሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በወረቀት ሳይሆን ፊት ለፊቴ በነበረ ጋራ ነው። ከአንድ አንጋፋ አዳኝ ጋር ከጎህ በፊት ወጥተን ተቀምጠናል። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አንድ ሰዓት ያህል ጋራውን አሰስኩት። ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ እንደገና ድንጋይ። «ምንም የለም» ብዬ ልነሳ ስል ባይኖኩላሩን ከእጄ ወሰደና የራሱን ነቅሎ የእኔን ትራይፖዱ ላይ አሰረው። ወደ አንድ የደረቀ ግንድ አነጣጠረና «ሳትነካው ከግንዱ በስተግራ ተመልከት» አለኝ። ተመለከትኩ። ግንዱ፣ የግንዱ ጥላ፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ ቡናማ ድንጋይ። ያንን ድንጋይ በእጄ ይዤ ሳይ ቢያንስ አራት ጊዜ አልፌዋለሁ። ትንሽ እንደቆየሁ የድንጋዩ አንዱ ጫፍ ዝንብ እንደሚያባርር ነገር እርግብ አለ። ጆሮ ነው። ጆሮውን ካየሁ በኋላ የቀንዱ ጥምዝ፣ ከቀንዱ ሥር ግንባሩ፣ ከዚያ የታጠፈው የፊት እግሩ፣ ደፍርሶ የቆየ ውሃ ሲጠልል ከሥሩ ያለው ጠጠር እንደሚወጣ ሁሉ አንድ በአንድ ወጡ። ትልቅ አጋዘን ተኝቶ ያመሰኳል። ባይኖኩላሩ ያው የእኔው 10×42 ነበር።

የእጅና የትራይፖድ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በእጅ ሲይዙ ምስሉ በሙሉ ስለሚወዛወዝ የምትርገበገብ ጆሮ ከሚወዛወዘው ቅጠል ሁሉ ጋር ተመሳስላ ታልፋለች። ምስሉ ጸጥ ሲል ግን የሚንቀሳቀሰው ያ አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ዐይንም ሳይፈልግ ወደ እሱ ይሄዳል። የተኛ እንስሳ ከጆሮው፣ ከጅራቱና ከሚያላምጠው መንጋጋው በቀር ምንም አያንቀሳቅስም። ትልልቆቹ ወንዶች ደግሞ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የሚያሳልፉት።

ትራይፖዱ የመጀመሪያው ነገር ከሆነ ሁለተኛው አስተያየት ነው፤ የጓደኛዎ ብልጫ ገሚሱ ከዚህ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ብዙ ሰው ባይኖኩላር ሲይዝ በጋራው ላይ እንደ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ባይኖኩላሩ እየሄደ ዐይን ምንም አይለይም። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፤ ባይኖኩላሩ ይቆማል፣ ዐይን ይሄዳል።

እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገርዎት። ነፋሱ ከማየው ጋራ ወደ እኔ የሚመጣበት፣ ከኋላዬ ድንጋይ ወይም ግንድ ያለበት፣ ሰውነቴ ከሰማይ ጋር ተቃርኖ የማይታይበት ቦታ እመርጣለሁ። ቢቻል ፀሐይ ከጀርባዬ ትሆናለች፤ ወደ ፀሐይ ማየት ምስሉን ከማደብዘዙም በላይ የሌንሱን ብልጭታ ለእንስሳው ያሳያል። እንደተቀመጥኩ ትራይፖዱን አልዘረጋም። መጀመሪያ በባዶ ዐይን፣ ከዚያ በእጄ ይዤ ቅርብ ቅርቡን፣ ገላጣውን፣ የጥሻውን ጠርዝ፣ የውሃ መውረጃውን አያለሁ። ብዙዎች ይህን ይዘሉና በቀጥታ ወደ ሩቁ ተረተር ይሄዳሉ፤ 200 ሜትር ላይ የቆመው እንስሳ ደግሞ እነሱ ትራይፖድ ሲዘረጉ እያየ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ትራይፖዱ ይዘረጋል። 10×42 በ1,000 ሜትር ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 110 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ያንን አንድ ክብ እንደ አንድ የመጽሐፍ ገጽ አየዋለሁ። ባይኖኩላሩን ሳልነካ ከላይ ግራ ጀምሬ ወደ ቀኝ፣ ወረድ ብዬ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ አነባለሁ። እያንዳንዷን ቁጥቋጦ ከሥሯ፣ ከጎኗ፣ በውስጧ ለማየት ጊዜ እሰጣለሁ። ገጹ ሲያልቅ ባይኖኩላሩን ጥቂት አዞረዋለሁ፤ አዲሱ ክብ የቀድሞውን ጠርዝ ጨምሮ እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ ካልሆነ መሐል ላይ ያልታየ ክፍተት ይቀራል። ረድፉ ሲያልቅ ዝቅ ብዬ በተመለስኩበት አቅጣጫ እቀጥላለሁ።

ሙሉ እንስሳ አይፈልጉ። ሙሉ እንስሳ ገላጣ ላይ ቆሞ ከሆነ በባዶ ዐይንም ይታያል። የሚፈልጉት ቁርጥራጭ ነው። ዛፍና ግንድ ሁሉ ወደ ላይ ቆሞ ባለበት ጥሻ ውስጥ አግድም የተጋደመ መስመር ካዩ ይቁሙ፤ የጀርባ መስመር ሊሆን ይችላል። ከቁጥቋጦ በታች ያሉ አራት ቀጫጭን እንጨቶች እግር ሊሆኑ ይችላሉ። የጆሮ ውስጥ ነጣ ያለ ፀጉር፣ ዝቅ ያለችው የጠዋት ፀሐይ ስታገኛት የምታብረቀርቅ የቀንድ ጫፍ፣ እርጥብ አፍንጫ፣ ከአካባቢው ድንጋይ ትንሽ የሞቀ መልክ ያለው ድንጋይ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ሊሰጣቸው ይገባል። እኔ በቀን ውስጥ ሃያ ድንጋይና ግንድ እንስሳ ናቸው ብዬ አፍጥጬባቸው ድንጋይና ግንድ ሆነው ይቀራሉ። ሥራው እንደዚህ ነው፤ ያ ደቂቃ አይባክንም።

አሰሳውን ሲጨርሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። «አይቼዋለሁ» ማለት የለም። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ይሄዳል፣ ጥላው ውስጥ የተኛው እንስሳም ተነስቶ፣ ተንጠራርቶ፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ እንደገና ይተኛል። ያ የሦስት እርምጃ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በዚያ ሰዓት ወደዚያ እያየ ያልነበረ ሰው ጋራው ባዶ ነው ብሎ ይምላል። ከንጋት እስከ ረፋድ ያሉት ሁለት ሰዓታትና ከጀንበር መጥለቅ በፊት ያሉት ሁለት ሰዓታት እንስሳቱ የሚበሉበትና የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ስለሆኑ፣ በእነሱ ሰዓት በእግር መንከራተት ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። እንስቶችን ካገኙም አይለፏቸው። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ከእነሱ ሩቅ አይሆንም፤ ከመንጋው በላይ ያለውን ጥሻ ደህና አድርገው ያንብቡት።

አሁን ሻጩ ወደ ነገረዎት ቁጥር ልምጣ። የምሽት ብርሃን ቁጥር የሚባለው ማጉያው በፊተኛው ሌንስ ስፋት ተባዝቶ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ የሚገኝ ቁጥር ነው። የእርስዎ 10×42 20.5 ይሆናል፤ የጓደኛዎ 15×56 ወደ 29። ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ግን በዚሁ ስሌት 25×30 የሆነ መጫወቻ መሰል ባይኖኩላር 27.4 ያገኛል፤ ለአመሻሽ ተብሎ የሚሠራው 8×56 ደግሞ 21.2 ብቻ። ሁለቱን ይዞ ጀንበር ከገባች በኋላ አንድ ጥሻ ላይ ያነጣጠረ ሰው በመጀመሪያው ጨለማ፣ በሁለተኛው እንስሳ ያያል። ቁጥሩ ስለ መስታወቱ ጥራት የሚናገረው የለም፤ ወደ ዐይን ስለሚደርሰው ብርሃንም በግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው።

የሚጠቅመው ሌላ ቀላል ሒሳብ አለ። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በማጉያው ያካፍሉ። ባይኖኩላርዎን ክንድዎ እስከሚዘረጋ አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ (ወደ ፀሐይ በፍጹም አይደለም፤ ዐይን ያጠፋል) ቢያዞሩት በዐይን በኩል ባለው መስታወት ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። የዚያ ክብ ስፋት ነው ይህ ቁጥር። የእርስዎ 4.2 ሚሊሜትር፣ የጓደኛዎ 3.7 ነው። በቀን የዐይናችን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚከፈት ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። አመሻሽ ላይ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የክቡ ስፋት መቆጠር ይጀምራል። እንደሚያዩት በዚህ በኩል የእርስዎ መሣሪያ ከጓደኛዎ ይበልጥ እንደሆን እንጂ አያንስም። በትልቁ ማጉያ ምስሉ ስለሚሰፋ በድንግዝግዝታም ዝርዝሩን ለመለየት መርዳቱን አልክድም፤ ይህም ግን ትራይፖድ ላይ ሲሆን ነው።

ከሁለቱም ቁጥሮች በላይ የሚወስነው የመስታወቱ ሽፋን ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት ብርሃን በገባበትና በወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። አንድ ባይኖኩላር ውስጥ በአንዱ ወገን 16 ገጽ ቢኖር ከገባው ብርሃን ዐይን ጋ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ይሆናል። ይህን ችግር የፈታው አሌክሳንደር ስማኩላ በዛይስ እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራው ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ሽፋን ነበር፤ ዛሬ በደህና ባይኖኩላር ከ90 በመቶ በላይ ብርሃን ይደርሳል። ቀጥ ያሉት ዘመናዊ ባይኖኩላሮች በሚጠቀሙበት የጣሪያ ቅርጽ ፕሪዝም (ብርሃኑን አጥፎ ምስሉን የሚያቃና መስታወት) ደግሞ ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲገናኝ ምስሉን የማደብዘዝ ጠባይ ነበረበት። ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያመጣው «ፌዝ» (phase) የሚባል ሽፋን ይህን አስተካከለው። ስለዚህ ሲገዙ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ተደራራቢው ሽፋን በሁሉም ገጾች ላይ አለ ወይ? ፕሪዝሙ የፌዝ ሽፋን አለው ወይ? ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ነው ወይ? ኢዲ የሚባለው መስታወት የቀንዱን ጠርዝ ከሰማይ ጋር ሲያዩ የሚታየውን ሐምራዊ ጥላ ይቀንሳል፤ በ10 እጥፍ ጥሩ ነገር ነው፣ ከ30 እጥፍ በላይ ግን ግድ ነው።

የዐይን መነጽር አደርጋለሁ ማለትዎ ብዙ ነገር ይነግረኛል፤ ምናልባት የችግርዎ ግማሽ እዚህ ይሆናል። በባይኖኩላሩ ዐይን በኩል ያሉት የጎማ ቀለበቶች የሚወጡና የሚገቡ ናቸው። መነጽር ያላደረገ ሰው ያወጣቸዋል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ሙሉ በሙሉ ማስገባት አለበት። ወጥተው ከተውዋቸው ዐይንዎ ከሌንሱ ይርቅና ያን የ110 ሜትር ስፋት እንደ ቁልፍ ቀዳዳ አጥብበው ያዩታል። ገብተውም ጠርዙ ካልታየዎት መሣሪያው ለመነጽር የሚሆን ርቀት የለውም ማለት ነው። ምስሉ ከመጨረሻው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉ ሆኖ እንደሚታይ የሚገልጸው ቁጥር ለመነጽር አድራጊ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር፣ ቢቻል 18 መሆን አለበት። 15×56 ወይም ስኮፕ ሲገዙ መነጽርዎን ሳያወልቁ ይሞክሩት፤ ሻጩ በራሱ ዐይን ያየው ለእርስዎ አይሠራም።

እዚያው ላይ ማስተካከያውንም ይፈትሹ። የቀኙን ሌንስ በእጅዎ ሸፍነው በግራ ዐይን ብቻ ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ መሐል ባለው ማዞሪያ ጥርት አድርገው ይዩ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው፣ የመሐሉን ሳይነኩ፣ ያንኑ ቅርንጫፍ በቀኝ ዐይን ዳይኦፕተር በሚባለው ቀለበት ጥርት አድርገው ይዩ። የቀለበቱን ቦታ በምልክት ይያዙት። ይህን ሳያደርጉ ለሦስት ዓመት የተጠቀሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ዐይናቸው ይደክማል፣ «እኔ ብዙ ማየት አልወድም» ይላሉ። የሚያደክማቸው አንዱ ዐይን ጥርት ያለ፣ ሌላው ድብዝዝ ያለ ምስል ማየቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንመለስ፤ 15×56 ወይስ ስኮፕ? ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። 15×56 እንስሳ ለማግኘት ነው። በሁለት ዐይን ስለሚታይ ሰዓታት ቢቀመጡበት አያደክምም፤ አንጎልም ከሁለት ዐይን የሚመጣውን ምስል አቀናጅቶ አንድ ዐይን የሚስተውን ነገር ይይዛል። ስኮፕ ግን የተገኘውን እንስሳ ለመለየት ነው። በአንድ ዐይን በ40 እጥፍ ጋራ ሲያስስ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ ምንም አያይም፤ የእይታው ስፋትም ጠባብ ስለሆነ ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ማለፍ ቀኑን ይጨርሳል።

የመለየቱ ሥራ ግን እንደ ቀላል አይታይ። የአደን ፈቃድ ወንድ፣ ያውም ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሲል ያንን በእርግጠኝነት ሳይለዩ ሁለት ሰዓት ተራራ መውጣትም ሆነ መተኮስ አይገባም። የታላቁ አጋዘን ቀንድ ሁለት ተኩል ጥምዝ የሚሞላው በስድስት ዓመቱ ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የቆመውን ወጣት ወንድ በ10 እጥፍ ሲያዩት ትልቅ ይመስላል፤ በ40 እጥፍ ግን የመጨረሻው ጥምዝ እንዳልሞላ ይታያል። የአፍሪካ ጎሽ ኮርማ የቀንዱ ሥር ግንባሩ ላይ ካልጠነከረ፣ መሐሉ ላይ ለስላሳ ክፍተት ካለ ገና ወጣት ነው። የተራራ ፍየሎችና የዱር በጎች ቀንድ ደግሞ በየዓመቱ የሚሠራው ቀለበት ስላለው ዕድሜው ይቆጠራል፤ ይህን ግን ስኮፕ ያልያዘ ሰው ከሩቅ ሊቆጥረው አይችልም። ከእንስሳው ኋላ ሌላ እንስሳ መቆሙንም የሚያሳየው እሱ ነው፤ ጥይት አንዱን አልፎ ሌላውን ሊመታ ይችላል። ጥሩ ስኮፕ ያለው ሰው ብዙ እንስሳ ሳይተኩስ ይተዋል። ይህን የስኮፕ ትልቁ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስኮፕ ሲመርጡ 60 እጥፍ የሚለው ጽሑፍ አያማልልዎት። ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ባለ 80 ሚሊሜትር ስኮፕ 60 ላይ ሲደርስ የብርሃኑ ክብ 1.3 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጨለም ይላል። ከዚያም በላይ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባል፤ ይህን ምንም ያህል ውድ መስታወት አያጠፋውም። ረፋድ ላይ ወደ 25 ወይም 30 ዝቅ ብለው ሲያዩ ከ60 ይልቅ ብዙ ዝርዝር ያገኛሉ። እርጋታ ያለው አየር የሚገኘው ንጋት ላይ ስለሆነ ቀንድ የሚለካው ያኔ ነው። በእግር ለሚሄድ ሰው ባለ 65 ሚሊሜትሩ ይበቃል እላለሁ፤ የ80ና የ85ዎቹ ከዐይን በኩል ካለው ሌንስ ጋር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋሉ፤ 15×56 ራሱ ወደ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተራራ ላይ ተሸክመው የማይወጡት መሣሪያ ቤት የተቀመጠ መሣሪያ ነው። ዐይን የሚደረግበት ወደ ላይ የታጠፈውን ሞዴል እመርጣለሁ፤ ተቀምጠው ወደ ላይ ሲያዩ አንገት አያምም፣ ትራይፖዱም ዝቅ ብሎ ነፋስ አይነቀንቀውም። ከመኪና መስኮት የሚያይ ሰው ግን ቀጥ ያለውን ይውሰድ።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ማግኘት ነው። ስለዚህ 10×42 ትራይፖድ ላይ ከሠራልዎ በኋላ ገላጣው ተራራ ላይ አሁንም ይጎድለኛል ካሉ 15×56 ይጨምሩ፤ ሸለቆው ውስጥ ግን 10×42ን ከአንገትዎ አያውርዱት። እንስሳ ማግኘቱ ከተቃናልዎና ትልቁን ከትንሹ መለየት ከከበደዎ ደግሞ ስኮፕ ይግዙ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። «ያ ምንድን ነው?» ለማለት ጠመንጃ ላይ የተገጠመውን መነጽር በፍጹም አይጠቀሙ። በእሱ ማየት ማለት አፈሙዙን ወደሚያዩት ነገር ማነጣጠር ማለት ነው፤ ጥሻው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ እረኛ፣ እንጨት ለቃሚ ወይም ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ባይኖኩላር፤ እንስሳው ተለይቶ ከኋላው ያለው ሁሉ ከታወቀ በኋላ ብቻ ጠመንጃ። ርቀት መለኪያው ለብቻውም ይሁን ባይኖኩላሩ ውስጥ የተገጠመ፣ ተዳፋት ላይ ማዕዘን የሚያስተካክል መሆን አለበት። 30 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት 300 ሜትር ያለ እንስሳ የሚተኮሰው እንደ 260 ሜትር ነውና፤ ይህን ያላወቀ ከበላይ ይስታል።

ትራይፖዱን ሲመርጡ ቆሞ ለማየት የሚያስችል ቁመት አይፈልጉ፤ ተቀምጠው ዐይንዎ በሚደርስበት ቁመት እግሮቹን በሰፊው ከፍተው የሚቆም ይሁን። የመሐሉ ዘንግ ከፍ ባለ ቁጥር ነፋስ ይጫወትበታል። ጭንቅላቱ ካሜራ ላይ እንዳለው ኳስ ሳይሆን በእጀታ ወደ ጎንና ወደ ላይ በለስላሳ የሚዞር ቢሆን ረድፍ በረድፍ ማንበቡ ይቀላል። አብዛኞቹ 10×42 ባይኖኩላሮች ከፊት ለፊት ሁለቱን በርሜል የሚያያይዘው ማጠፊያ ላይ ክዳን አላቸው፤ ክዳኑ ሲፈታ ማያያዣው የሚገባበት ጥርስ ይወጣል። የእርስዎ ከሌለው በቀበቶ የሚታሰር ማያያዣም አለ። ነፋስ በበዛበት ቀን ቦርሳዎን ከትራይፖዱ መሐል ያንጠልጥሉት።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ጓደኛዎን አንድ ጠዋት ይለምኑት። የእርስዎን 10×42 የእሱ ትራይፖድ ላይ ይሰኩት፤ እሱ 15×56ቱን በእጁ ይያዝ። አንድ ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳትነጋገሩ አንድ ሰዓት እዩ፤ ያያችሁትን እያንዳንዳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀታችሁን አወዳድሩ።